ፍርሃታችንን ወዴት እንውሰደው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

 

ስለ ፍርሃት ጥቂት እንድጽፍ በአዘጋጆቹ በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ምክንያት መፈለግ ነበር። ፈተና ደርሷል፥ ጊዜ የለኝም፥ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሌላ ወንድም አለ እያልሁ ሁለት ሳምንት አቈየኋቸው። በኋላ ግን ራሴን ስመረምር ስለ ፍርሃት ለመጻፍ የፈራሁት ጉዳዩ የራሴ ስለ ሆነ መሆኑን ተረዳሁ። ታዲያ ፍርሃትን የማያውቅ ሰው ስለ ፍርሃት ምን ሊጽፍ ይችላል? እኔ አውቀዋለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ያህል እጽፋለሁ።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። በቅዱሳት መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ፍርሃት ተጠቅሶ እናገኛለን። አንደኛው ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው። እርሱ የጥበብ መነሻ መሆኑን ጠቢቡ ሰሎሞን ያስተምረናል (ምሳ. 9፥10)። ይህ ልጅ አባቱን እንዳያሳዝን የሚጠነቀቅበት ፍርሃት ስለሆነ ሰውን ያቀናዋል እንጂ አያሽመደምደውም። ሁለተኛው ግን ልብን የሚያርድ፥ እግርን የሚያስር፥ አፍን የሚለጉም ፍርሃት ነው። አንዱ የፈተና ውጤት ይፈራል፤ አንዱ የሰው ዓይን ይፈራል፤ አንዱ ሥራ ማጣትን፥ ሌላው በሽታን፥ ሌላው ብቻውን መቅረትን ይፈራል። ሞትን የማይፈራም ጥቂት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ፍርሃት ነው። ጥያቄያችንም አንድ ነው፤ ይህን ፍርሃታችንን ወዴት እንውሰደው?

የዚያች እሑድ ነገር

እኔ ያደግሁት ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በስተ ምሥራቅ፥ በጎሮ አካባቢ ነው። በዚህ ሰፈር ላደገ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ እንደ ዶሮ ጩኸት የተለመደ ነው፤ ቀና ብሎ የሚያይ የለም። ከጎረቤቶቻችንም እንጀራቸውን ከዚያው የሚያገኙ ብዙዎች ናቸው። ታላቅ እኅቴም የበረራ አስተናጋጅ ናት።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር፤ የዐቢይ ጾም ሁለተኛው እሑድ፥ ቅድስት። እኔ ያን ጊዜ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ38 ደቂቃ ላይ የበረራ ቁጥሩ ኢቲ 302 የሆነ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ወደ ናይሮቢ ለመሄድ ከቦሌ ተነሣ። ስድስት ደቂቃ ብቻ በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። በውስጡ የነበሩት 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች፥ በድምሩ 157 ነፍሳት፥ አንድም ሳይተርፍ አለቁ። ከ30 በላይ የሆኑ አገሮች ዜጎች ነበሩባቸው።

ወሬው ረፋዱ ላይ፥ ከቅዳሴ በኋላ ደረሰን። እኅቴ ገና ሳይነጋ ለሥራ እንደ ወጣች እንጂ ወዴት እንደምትበርር አናውቅም ነበር። ስልኳ ተዘግቷል። እናቴ ነጠላዋን እንደ ለበሰች በደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፤ ማንም ቢያናግራት አትመልስም። እኔ ስልኩን በእጄ ይዤ በየደቂቃው እደውል ነበር። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ እኅቴ ከሎሜ ደወለች። እናቴ እልል አለች። ወዲያው ግን አፏን በእጇ ያዘች። በዚያች ሰዓት በሌሎች ቤቶች እንደ እኛው ስልክ ሲጠበቅ እንደ ዋለና እንደማይጠራ ትዝ ስላላት ነው። በሳምንቱ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ለ17 ኢትዮጵያውያን ሟቾች ባዶ ሣጥኖች በሰንደቅ ዓላማ ተሸፍነው የቀብር ሥነ ሥርዓት ሲፈጸም እናቴ ጥቁር ለብሳ ሄደች፤ ከሟቾቹ አንዱንም በግል አታውቅም ነበር።

እኅቴ ደኅና ተመለሰች። ፍርሃቱ ግን እኔ ዘንድ ቀረ። አባቶቻችን «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ። መጀመሪያ የፈራሁት ስልክ የማይነሣበትን ጊዜ ነበር። ቀጥሎ የአውሮፕላን ድምፅ ስሰማ እንደ ልማዴ መናቅ ተውሁና ድምፁ እስኪርቅ ድረስ ትንፋሼን መያዝ ጀመርሁ። ከዚያም አሳንሰር መግባት፥ በክፍል ፊት ቆሞ መናገር፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ምንባብ ማንበብ ሁሉ ያስፈራኝ ጀመር። ስለ አውሮፕላን የተጀመረው ፍርሃት አውሮፕላን በሌለበት ቦታ ሁሉ አገኘኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ የፍርሃት ጠባዩ ይህ ነው። በመሠረቱ ፍርሃት በራሱ ክፉ አይደለም። ፈጣሪያችን ከአደጋ የምንጠበቅበት ዘበኛ አድርጎ በተፈጥሮአችን ውስጥ አኑሮታል። አደጋ ሲያጋጥመን ልባችን ቶሎ ቶሎ ይመታል፥ ትንፋሻችን ያጥራል፥ ጡንቻችን ይወጠራል፤ ይህ ሁሉ እንድንሸሽ ወይም እንድንቋቋም ነው። ችግሩ የሚመጣው ዘበኛው ሌባ በሌለበት ሌሊቱን ሁሉ ሲጮኽ ነው። የፈራነውን ነገር ስንሸሽ ለጊዜው እፎይ እንላለን። ያ እፎይታ ግን አታላይ መምህር ነው፤ «የዳንኸው ስለ ሸሸህ ነውና ነገም ሽሽ» ብሎ ያስተምረናል። እንዲህ እያለ የምንሸሸው ነገር በሸሸነው ቍጥር ያድጋል፤ የምንኖርበት ስፍራ ደግሞ እየጠበበ ይሄዳል።

መክሊቱን የቀበረው

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር የሠራነው ጥናት ተመርጦ ባሕር ዳር በሚደረግ የተማሪዎች ጉባኤ ላይ እንድናቀርበው ተወሰነ። ሥራውን ለሁለት ተካፍለን ነበር፤ ስሌቱ የእኔ፥ ሥዕሉና ሞዴሉ የእርሱ። የአውሮፕላን ትኬት ተቈረጠልን። ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ጉዞው ሦስት ቀን ሲቀረው እንቅልፍ አጣሁ። በዋዜማው ደወልሁና «ታምሜአለሁ፥ ታይፎይድ ነው ተብያለሁ» አልሁት። ውሸት ነበር።

ጓደኛዬ ብቻውን ሄደ። ስለ ስሌቱ በጠየቁት ጊዜ የሚመልሰው ስላልነበረው በብዙ ሰው ፊት ዝም ብሎ ቆመ። በተመለሰ ማግሥት አንድ ኪሎ ብርቱካን በፌስታል ይዞ ቤታችን ድረስ ሊጠይቀኝ መጣ። እኔ ለቤተ ሰቤም ያንኑ ውሸት ነግሬ ስለ ነበር ብርድ ልብስ ለብሼ ተኝቻለሁ። «እግዚአብሔር ይማርህ» አለኝ። ስለ ባሕር ዳሩ ነገር አንድም ወቀሳ አልተናገረም። እርሱ ከሄደ በኋላ እናቴ ብርቱካኑን ልጣ ሰጠችኝ፤ መዋጥ አቃተኝ።

ጥቂት ሰንበት ብሎ የዐቢይ ጾም ስድስተኛው እሑድ፥ ገብር ኄር፥ ደረሰ። የዚያን ቀን የሚነበበውን የመክሊቱን ምሳሌ ሁላችንም እናውቀዋለን (ማቴ. 25፥14-30)። ጌታው ለአንዱ አምስት፥ ለአንዱ ሁለት፥ ለአንዱ አንድ መክሊት ሰጥቶ ሄደ። ሁለቱ ነገዱና አተረፉ፤ አንዱ ግን ምድርን ቈፍሮ መክሊቱን ቀበረ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሰው ሰነፍ ብቻ አድርጌ ነበር የማስበው። ጌታውም በእርግጥ ሰነፍ ብሎታል። ነገር ግን ለምን እንደ ቀበረ ሲጠየቅ የሰጠው ምክንያት ስንፍና አልነበረም፤ ፈርቼ ነው አለ (ማቴ. 25፥25)። ይህን ቃል በቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስሰማ ስሜ የተጠራ መሰለኝ።

ይህን ሰው እስቲ ልብ ብለን እንመልከተው። ገንዘቡን አልሰረቀም፤ አልጠጣበትም፤ አላባከነውም። ቢያዩት ጠንቃቃ የሚሉት ሰው ነው። ፍርሃት ብዙ ጊዜ የጥንቃቄን ልብስ ለብሶ ይመጣል። እኛም «ዘንድሮ ይቅርብኝ»፥ «እኔ እኮ ድምፄ አያምርም»፥ «ሌላ ሰው ያቅርበው» ስንል ትሕትና ይመስለናል። የተቀበረው መክሊት ግን ለባለቤቱም ለድኻም አልጠቀመም። የእኔም መክሊት በተቀበረ ጊዜ የተጎዳሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ በባሕር ዳር በሰው ፊት ዝም ብሎ የቆመው ጓደኛዬ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ይህ አገልጋይ ፍርሃቱ ከየት እንደ መጣ ራሱ ተናግሯል። ጌታውን ያልዘራውን የሚያጭድ ጨካኝ ሰው አድርጎ ያየው ነበር። አንድ መክሊት እኮ የቀን ሠራተኛ ብዙ ዓመት ደክሞ የሚያገኘው ገንዘብ ነው። ያን ያህል ሀብት በአደራ የሚሰጥ ጌታ ሰውየውን ቢያምነው ነው እንጂ ሊያጠፋው ቢፈልግ ነውን? አገልጋዩ ግን በእጁ ያለውን ስጦታ እያየ የሰጪውን ልብ ማየት አልቻለም። እኔም እንደዚሁ ነበርሁ። ከዚያች እሑድ ጀምሮ እግዚአብሔርን ሳላውቀው የምወዳቸውን ሰዎች ለመንጠቅ የሚያደባ አድርጌ እመለከተው ነበር። እኅቴን የመለሰልኝ እርሱ መሆኑን ረሳሁ፤ ነገ ሊወስዳት የሚችል መሆኑን ብቻ አስብ ነበር።

በሌሊት የመጣው

በዚያው ሳምንት አንድ ቀን ከሠርክ ጸሎት በኋላ፥ መሸትሸት ሲል፥ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድሁ። በቀን መሄድ አፍሬ ነበር። «አባ፥ በዚህ ሰዓት ስለመጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኋቸው። ፈገግ አሉና «የፊታችን እሑድ የማን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «የኒቆዲሞስ ነው አባ» አልሁ። «እንግዲያውስ ተቀመጥ» አሉኝ።

ስለ አውሮፕላኑም፥ ስለ ውሸቱም፥ ስለ ብርቱካኑም ሁሉን ነገርኋቸው። ጨርሼ ስጠብቅ አልተቈጡኝም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ «ጓደኛህ በዚያው አውሮፕላን ሲሄድ ለእርሱስ ፈርተህለት ነበርን?»

ዝም አልሁ። ለእርሱ አልፈራሁለትም ነበር። ስለ ራሴ ብቻ ነበር የፈራሁት።

«የፍርሃት ክፋቱ ይህ ነው ልጄ፤» አሉኝ፤ «ሰውን ጠባብ ክፍል ውስጥ ያስገባውና ከራሱ በቀር ሌላ ሰው እንዳያይ ያደርገዋል። በል አሁን መጀመሪያ ሄደህ ለጓደኛህ እውነቱን ንገረው፤ ያውም በቀን።»

ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን እንደሚያስወጣ ዮሐንስ ወንጌላዊ ጽፎልናል (1ኛ ዮሐ. 4፥18)። እኔ ይህን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ትርጉሙ ግን የገባኝ በዚያች ሌሊት ነው። ፍርሃት የሚወጣው «አትፍራ፥ አትፍራ» እያሉ ራስን በመገሠጽ ብቻ አይደለም። ከራስ ወጥቶ ሌላውን በማየት ነው። እናት ልጇ እሳት አጠገብ ሲወድቅ ስታይ ስለ ራሷ እጅ አታስብም፤ እሳቱን ስለማትፈራ ሳይሆን ልጇ ስለሚበልጥባት ነው።

ለጓደኛዬ በማግሥቱ በግቢያችን ውስጥ፥ በጠራራ ፀሐይ፥ እውነቱን ነገርሁት። ብዙ ጊዜ ዝም አለ። በመጨረሻም «ብርቱካኑን ግን በላኸው?» አለኝ። «አልበላሁትም» ስለው ሳቀ። እንደ ቀድሞው እስኪያምነኝ ድረስ ግን ሳምንታት ወስዶበታል፤ ይህንም መደበቅ አልፈልግም። እርሱንም የንስሐ አባቴንም አስፈቅጄ ነው የምጽፈው።

አሁን ወደ ኒቆዲሞስ እንመለስ። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ይህን ሰው ሦስት ጊዜ ያነሣዋል። መጀመሪያ አይሁድ እንዳያዩት በሌሊት መጣ (ዮሐ. 3፥1-2)። ጌታችን «በቀን ና» ብሎ አልመለሰውም፤ ሌሊቱን ከእርሱ ጋር ተነጋገረ፥ ስለ ዳግም ልደትም ታላቁን ትምህርት አስተማረው። ሁለተኛ ጊዜ በሸንጎ መካከል አንዲት አጭር ጥያቄ ጠየቀ፤ ሰው ሳይሰማ ይፈረድበታልን የምትል (ዮሐ. 7፥50-51)። ባልደረቦቹ ሲያፌዙበት ዝም አለ። ድፍረቱ ያን ጊዜ ገና የአንዲት ጥያቄ ያህል ነበር። ሦስተኛ ጊዜ ግን ጌታችን በመስቀል ላይ በሞተ ቀን፥ ደቀ መዛሙርቱ በፍርሃት በተበተኑ ጊዜ፥ መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ይዞ መጣ (ዮሐ. 19፥39)። ያን ያህል ሽቱ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው ሊደበቅ አይችልም። ሽታውም ይናገርበታል።

ስለዚህ በሁለት ተከታታይ እሑዶች ቤተ ክርስቲያናችን ሁለት የፈሩ ሰዎችን፥ ሁለትም ቀባሪዎችን ታሳየናለች። አንዱ ፈርቶ መክሊቱን ቀበረ፤ በዚያው ቀረ። ሌላው ፍርሃቱን ይዞ በሌሊት ወደ ክርስቶስ መጣ፤ ቀስ በቀስም ፍርሃቱን አሸንፎ የጌታውን ሥጋ በክብር ለመቅበር በቃ። ሁለቱም ፈርተዋል። ልዩነታቸው ፍርሃታቸውን የወሰዱበት ቦታ ነው። አንደኛው ወደ ምድር፥ ሁለተኛው ወደ ክርስቶስ ወሰደው።

የተሳሳተው መሣሪያ

የምማረው ምህንድስና ስለሆነ ያን አውሮፕላን ስለ ጣለው ነገር በኋላ ፈልጌ አነበብሁ። ቀድሞ ስሙን እንኳ ለመስማት እሸሽ ነበር።

የበረራውን መረጃ የሚመዘግበው መሣሪያ ጥቁር ሣጥን ይባላል እንጂ ፈልገው በቀላሉ እንዲያገኙት ቀለሙ ብርቱካናማ ነው። ከወደቀበት አፈር ወጥቶ በተነበበ ጊዜ እንዲህ ሆኖ ተገኘ። አውሮፕላኑ ምን ያህል ቀና ብሎ እንደሚበርር ከሚለኩት መሣሪያዎች አንዱ ስሕተት ነገር መናገር ጀመረ። አውሮፕላኑ ደኅና እየወጣ ሳለ መሣሪያው ከልክ በላይ ቀና ብሏል አለ። ያን አንድ መሣሪያ ብቻ የሚያምን ራሱን በራሱ የሚያንቀሳቅስ ሥርዓት ነበረ፤ እርሱም አውሮፕላኑን ከመውደቅ ለማዳን ብሎ አፍንጫውን ደጋግሞ ወደ ታች ደፈቀው። አብራሪዎቹ ታገሉት፤ አልቻሉትም። ከዚያ አራት ወር ተኩል ያህል ቀደም ብሎ፥ ጥቅምት 19 ቀን 2011 ዓ.ም.፥ በኢንዶኔዥያ የላየን ኤር አውሮፕላን በተመሳሳይ ምክንያት ወድቆ 189 ሰዎች አልቀዋል።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብዙ አሰብሁ። እነዚያ ሰዎች የሞቱት ማሽኑ የሌለ አደጋ ስለ «ፈራ» ነው ማለት ይቻላል። የእኔም ሕይወት እንደዚሁ ነበር። አንድ የተሳሳተ መሣሪያ በውስጤ «እየወደቅህ ነው» ይለኛል፤ እኔም እርሱን ብቻ አምኜ ራሴን ወደ ታች እደፍቃለሁ።

መፍትሔውም ትምህርት ይሰጣል። ያ ዓይነት አውሮፕላን በዓለም ሁሉ እንዳይበርር ታገደ። ሲታረም ሥርዓቱ ከሁለቱ መሣሪያዎች መረጃ እንዲያመሳክር፥ አብራሪውንም እንዳያሸንፈው ተደረገ፤ አብራሪዎችም አዲስ ሥልጠና ወሰዱ። በእኛ አገር ጥር 24 ቀን 2014 ዓ.ም. እንደገና መንገደኛ ይዞ ሲበርር የአየር መንገዱ ኃላፊዎች ራሳቸው ተሳፍረው ነበር። አስቡት፤ ፍርሃቱ አልተናቀም፤ ተደመጠ፥ ተመረመረ፥ ታረመ። በመጨረሻም ተበረረ። ለእኛም ፍርሃት ሁለተኛ ምስክር ያስፈልገዋል። ልባችን «ትጠፋለህ» ሲለን ብቻውን አንመነው፤ ቃለ እግዚአብሔርን፥ የንስሐ አባታችንን፥ ታማኝ ወዳጃችንን እናመሳክርበት።

«ፍርሃቴን ሥራ አስያዝሁት»

አንድ ቀን እኅቴን «እትዬ፥ አንቺ አትፈሪም?» ብዬ ጠየቅኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጠይቄያት አላውቅም ነበር።

«እፈራለሁ እንጂ፤» አለችኝ፤ «ከዚያ ነገር በኋላ መጀመሪያ የበረርሁ ቀን እጄ ስለ ተንቀጠቀጠ ቡና መቅዳት አቅቶኝ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ቻልሽው?»

«ፍርሃቴን ሥራ አስያዝሁት። በሩ መዘጋቱን፥ የሰው ሁሉ ቀበቶ መታሰሩን ይፈትሽልኛል። እርሱ ይፈትሽ፤ እኔ አማትቤ ላገልግል።»

ይህን መልስ ከብዙ ስብከት አላሳንሰውም። ፍርሃትን ዘበኛ አድርጎ ማሠራት ይቻላል፤ የቤቱ ጌታ አድርጎ መሾም ግን አይገባም።

በዓመቱ ያው ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ወደ ባሕር ዳር ሄድሁ። ፍርሃቴ ጠፍቶ ነበር ብል እንደገና ውሸታም እሆናለሁ። ጉልበቴ እየተንቀጠቀጠ ነው የተሳፈርሁት። አስተናጋጇ የምትለውን በሙሉ አዳመጥሁ፤ እስከ መውጫው በር ስንት ረድፍ ወንበር እንዳለ ቈጠርሁ። ስንነሣ የሰፈራችን ቆርቆሮ ጣሪያዎች ከታች ታዩኝ። ሰዓቴን እያየሁ ስድስት ደቂቃ ቈጠርሁ። ሰባተኛው ደቂቃ ሲገባ ያን ደቂቃ ሳያዩ የቀሩትን 157 ሰዎች አሰብሁና ነፍሳቸውን እንዲምር እግዚአብሔርን ለመንሁ። ከዚያች እሑድ ወዲህ ስለ እነርሱ ስጸልይ የመጀመሪያዬ ነበር። እስከዚያ ድረስ ስለ እነርሱ ሞት የማስበው ስለ ራሴ ሞት ለማሰብ ብቻ ነበረና።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ፤ ልለፈው ብል ሕሊናዬ አይፈቅድልኝም። በዚያ አውሮፕላን ውስጥ ያማተቡ፥ የጸለዩ ሰዎች አልነበሩምን? ያለ ጥርጥር ነበሩ። እንግዲህ እምነት ማለት «ክፉ ነገር አይደርስብኝም» ማለት አይደለም። እንዲህ ብሎ የሚያስተምር ሰው ክፉ ቀን ሲመጣ ተማሪውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል። ሠለስቱ ደቂቅ በእቶኑ ፊት ቆመው የተናገሩትን እናስታውስ። አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነን እንኳ ለጣዖትህ አንሰግድም አሉት (ዳን. 3፥17-18)። እምነት የቆመው በዚያ «ባያድነን እንኳ» በሚለው ላይ ነው። በሕይወትም ብንሆን በሞትም ብንሆን ከእጁ አንወጣም፤ የምንታመነው ይህን ነው። እምነታችን እዚህ ላይ ከተመሠረተ ፍርሃት ሊያስፈራራን የሚችልበት የመጨረሻው መሣሪያ ከእጁ ይወድቃል።

ምን እናድርግ?

ወጣት ወንድሜ ሆይ፥ እኅቴ ሆይ፥ በዚህ የተማርሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፥ ፍርሃታችሁን በስሙ ጥሩት። «ጨንቆኛል» ብቻ አትበሉ፤ ምን እንደሚያስጨንቃችሁ፥ ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ፥ ስለ እግዚአብሔር ምን እንድታስቡ እንዳደረጋችሁ በጸሎት ፊት መርምሩ።

ሁለተኛ፥ በሌሊትም ቢሆን ኑ። ድፍረት እስክታገኙ አትጠብቁ። ንስሐ አባት፥ ወላጅ፥ ታማኝ ጓደኛ ፈልጉና ተናገሩ። «ከፈራህ እምነት የለህም» የሚላችሁ ሰው ቢኖር አትደንግጡ። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ነፍሱ እስከ ሞት ድረስ አዝና ጸልዮአል፤ ሦስቱን ደቀ መዛሙርትም ከእርሱ ጋር እንዲተጉ ጠይቋል (ማቴ. 26፥37-38)። ጴጥሮስም በባሕሩ ላይ ፈርቶ ሲሰጥም ጮኸ፤ ጌታችን በመጀመሪያ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ የገሠጸው ከያዘው በኋላ ነው (ማቴ. 14፥30-31)።

ሦስተኛ፥ በትንሽ በትንሹ ተራመዱ። ኒቆዲሞስ በአንድ ሌሊት መቶ ንጥር ሽቱ አልተሸከመም። በሰው ፊት መናገር የሚፈራ ዛሬ አንዲት ቁጥር ያንብብ፤ በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ምዕራፍ ያንብብ። እኔም ወደ ባሕር ዳር ከመሄዴ በፊት በዚሁ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ምንባብ ማንበብ ጀምሬ ነበር። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ሰምታችሁ ዝም ያላችሁኝን ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አራተኛ፥ ፍርሃታችሁ የሚጎዳውን ሰው ፈልጉ። ከሁላችን ፍርሃት በስተ ጀርባ ብቻውን ተትቶ የቆመ አንድ ሰው አለ። እርሱን ስታዩ እግራችሁ ይፈታል።

አምስተኛ፥ ፍርሃቱ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል፥ ከትምህርትና ከሥራ የሚያስቀር ከሆነ ወደ ሐኪም መሄድ ነውር አይደለም። ሐኪምን እንድናከብረው፥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ ያስተምረናል (ሲራክ 38፥1)። ጸሎትና ጠበሉ ሐኪሙን አይከለክልም፤ ሐኪሙም ጸሎቱን አይተካም።

የተወደዳችሁ ሆይ፥ በመካከላችን ዛሬም በብርድ ልብስ ተሸፋፍኖ «ታምሜአለሁ» የሚል ወንድም ይኖር ይሆናል። እርሱን «ፈሪ» ብለን አንሳቅበት። እንደ ጓደኛዬ ብርቱካን ይዘን እንጠይቀው። እርሱም በመሸ ጊዜ ቢመጣ በራችንን አንዝጋበት። አባቴ እንዳሉኝ «እንግዲያውስ ተቀመጥ» እንበለው።

የፈራነውን ይዘን ወደ እርሱ እንድንቀርብ፥ የተቀበረውንም መክሊታችንን ቈፍረን እንድናወጣ ልዑል እግዚአብሔር ይርዳን። በመጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ያለፉትን ነፍሳት ሁሉ በአብርሃም፥ በይስሐቅ፥ በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።